ከአሮጌው ኮር ቱ ዱዎ ነጥብ ማውጣት፦ ኦቨርክሎክ አርጎ ውጤት ማስመዝገብ ከሀ እስከ ፐ

ቤታችሁ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ዴስክቶፕ ካለ በርካሽ ከመሸጣችሁ በፊት ይሄን አንብቡ። ኦቨርክሎኪንግ (ፕሮሰሰርን ፋብሪካው ካስቀመጠለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ) ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ ናይትሮጅን የሚፈስበት ውድ ማሽን ነው፣ እሱም አለ አልክድም፣ ግን ማን የበለጠ አፈጠነ ሚባለው ውድድር በፕሮሰሰር ሞዴል የተከፋፈለ ስለሆነ የ2008ቱ ኮር ቱ ዱዎ ከቅርብ ዓመታቱ ኮር አይ ናይን ጋር አይጋጠምም፣ ከቢጤዎቹ ጋር ነው ሚሰለፈው። ስለዚ ብር የሌለው ሰውም ቦታ አለው። እኔም የጀመርኩት እንደዛ ነው፣ ከቢሮ ተጥሎ የመጣ ማሽን ላይ። (ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የጻፍኳቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

ብዙ ሰው ሚሳሳተው መጀመሪያ ፍጥነት ጨምሮ ከዛ በኋላ ነው ደረጃው እንዴት እንደሚሰጥ ሚጠይቀው። ተቃራኒው ነው መሆን ያለበት። ደረጃው እንዴት እንደሚሰላ ካላወቃችሁ የማይቆጠር ውጤት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ትለፋላችሁ።

መጀመሪያ፦ ደረጃው እንዴት ነው ሚሰጠው

የዓለም ኦቨርክሎከሮች ውጤት ተሰብስቦ ሚቀመጥበት ዋናው ቦታ ኤችደብሊውቦት ይባላል። መነሻው ቤልጅየም ነው፣ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አለ። አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ሀገራችሁን ትመርጣላችሁ፣ ውጤታችሁን ከማስረጃው ጋር ትጭናላችሁ። አንድ ውጤት ስታስገቡ በሁለት ሰልፍ ውስጥ ይገባል ብላችሁ አስቡት።

አንደኛው ሰልፍ ዓለም አቀፉ ነው፣ ግሎባል ሚሉት። እዚጋ የፕሮሰሰሩ ሞዴል አይታይም፣ በዛ ቤንችማርክ (የማሽኑን ፍጥነት ሚለካ ፕሮግራም) ማን ፈጠነ ብቻ ነው። ብዙ ኮር ላይ ሚሰሩት እንደ ሲኒቤንች ያሉት ደግሞ በኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የስሌት ክፍል) ብዛት ይከፈላሉ፣ ባለ ሁለት ኮሩ ከባለ ሁለት ኮር፣ ባለ ስምንቱ ከባለ ስምንት። አንዳንዱ ብልጥ ነኝ ባይ የስምንት ኮር ፕሮሰሰር ላይ ስድስቱን ዘግቼ ከባለ ሁለቶቹ ጋር ልሰለፍ ይላል፣ አይሰራም፣ ሚቆጠረው ፕሮሰሰሩ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ኮር ነው።

ሁለተኛው ሰልፍ የሃርድዌሩ ነው፣ ለኛ ቢጤው ዋናው እሱ ነው። ኮር ቱ ዱዎ ኢ8400 ካላችሁ ኢ8400 ካላቸው ሰዎች ጋር ብቻ ትወዳደራላችሁ። ነጥቡ ሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፣ ስንተኛ ወጣችሁ እና ሰልፉ ምን ያህል ሰው አለበት። ሶስት ሰው ብቻ ያለበት ሰልፍ ላይ አንደኛ መውጣት ዋንጫ ያሳያችሁ ይሆናል እንጂ ነጥቡ እዚህ ግባ አይባልም፣ ብዙ ሺ ሰው ያለበት ሰልፍ መሀል ላይ መገኘትም እንደዛው ነው። ጥሩው መካከለኛው ነው፣ ሰው ያለበት ግን ያልተጨናነቀ። ኢ8400 በጣም የተወደደ ፕሮሰሰር ስለነበር ሰልፉ ረጅም ነው፣ እጃችሁ ላይ እንደ ኢ5200 አይነት ርካሹ ካለ እሱንም ፈትሹት፣ ማባዣው (የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ለማግኘት የቦርዱ መሠረታዊ ፍጥነት ሚባዛበት ቁጥር) 12.5 ስለሆነ ደካማ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍል ሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ሳይቀር ይሮጣል።

ከሰልፎቹ በላይ ደግሞ ሊግ አለ። ጀማሪው፣ በአየርና በውሃ ብቻ ሚያቀዘቅዘው፣ በናይትሮጅን ሚሰራው፣ እና የኩባንያ እቃ እየተላከለት ሚሰራው አንድ ላይ እንዳይጋጠሙ ነው ሊጉ የተሰራው። ልብ አርጉ፣ ሊግ የሰዎችን ጠቅላላ ነጥብ ነው ሚለየው፣ የፕሮሰሰሩ ሰልፍ ላይ ግን ሁሉም ተደባልቆ ነው ያለው። የናንተ 4 ጊጋኸርዝ ከላዩ በናይትሮጅን ከ6 ጊጋኸርዝ በላይ የተነዳ የዛው ቤተሰብ ፕሮሰሰር ያያል። ይሄን ሲያዩ ተስፋ ሚቆርጡ አሉ፣ እኔ ግን ዝርዝሩን ወደ ታች እያወረድኩ ማቀዝቀዣው አየር የተባለውን ብቻ ነው ማየው፣ ውድድሬ እሱ ነው። የሊጎቹ ስምና የነጥቡ ቀመር በየጊዜው ስለሚቀያየር የዛን ሰሞኑን ደንብ አንብቡ፣ አንድ ከሰዓት ቢፈጅ ነው።

ሁለተኛ፦ የቱን ቤንችማርክ

ብዙ አይነት አለ። ፍጥነቱን ብቻ ሚያስመዘግብ አለ፣ ሲፒዩ ዚ (የፕሮሰሰሩንና የራሙን መረጃ ሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ ቫሊዴሽን ሚባለው፣ ማሽኑ ለቅጽበት እንኳን ያን ቁጥር ይዞ ፋይሉን ካስቀመጠ በቃ። የአለም ሪከርድ ሲባል በዜና ምትሰሙት እሱ ነው። ኤኤምዲ በ2011 ኤፍኤክስ ፕሮሰሰሩን በፈሳሽ ሂሊየም 8.429 ጊጋኸርዝ አድርሶ ጊነስ ላይ አስመዘገበ፣ በ2014 ዘ ስቲልት ሚባለው ሰውዬ በኤፍኤክስ 8370 ወደ 8,722 ሜጋኸርዝ ወሰደው፣ ያ ቁጥር እስከ 2022 ማንም አልነካውም። ከዛ ኤልሞር ሚባል ሌላ ኦቨርክሎከር በኢንቴል ኮር አይ ናይን 13900ኬ ሰበረው፣ 9 ጊጋኸርዝንም በዛው ፕሮሰሰር ነው ያለፈው፣ በ2024 ደግሞ በ14900ኬኤስ 9,117 ሜጋኸርዝ ደረሰ። ይገርማል አይደል፣ ያ ኤፍኤክስ ለስራ ደካማ ነው እየተባለ ሲሰደብ የነበረ ፕሮሰሰር እኮ ነው፣ ግን ብርድ አይፈራም፣ የሂሊየም ቅዝቃዜ ውስጥ ሳይቀር አይቆምም ነበር።

ለጀማሪ ግን ሱፐር ፓይን ነው ምመክረው። ፓይን (3.14 ብሎ ሚቀጥለውን ቁጥር) እስከ ተወሰነ ዲጂት ድረስ አስልቶ ስንት ሴኮንድ ፈጀ ይላል፣ በቃ። በ1995 ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ላይ የተሰራ ነገር ነው፣ እስካሁን አልሞተም። አንድ ኮር ብቻ ነው ሚጠቀመው። 1ኤም ሚባለው አንድ ሚሊዮን ዲጂት ነው፣ 19 ዙር አለው፣ ቶሎ ያልቃል፣ 32ኤም ደግሞ 24 ዙር ነው፣ ረጅም ነው፣ ራሙንም በደንብ ይፈትናል። ማውረድ ያለባችሁ ለውድድር ተብሎ የተሻሻለውን ሞድ ሚባለውን ነው፣ ሚሊ ሴኮንድ ያሳያል፣ መጨረሻ ላይም ማረጋገጫ ኮድ ይሰጣል፣ የድሮው ኦሪጅናሉ ዋጋ የለውም።

አዲስ ማሽን ያላችሁ ሲኒቤንች፣ ጊክቤንች፣ ስሪዲማርክ ትሄዳላችሁ። ሲኒቤንች አር23ን ስትከፍቱ ዝም ካላችሁት አስር ደቂቃ ነው ሚያቃጥለው፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ወደ አንድ ዙር ቀይሩት፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ በግሎ ማሽን ነው ውጤት ሚያስገባው። ስሪዲማርክ ላይ ደግሞ ያው ውጤት ሁለት ቦታ ሁለት ህግ አለው፣ ኤችደብሊውቦት ላይ የኤኤምዲ ካርድ ቴሰሌሽኑን (የምስሉን ቅርጽ በጥቃቅን ከፋፍሎ ሚያጠራውን ስራ) ማጥፋት ሚፈቀድባቸው አሉ፣ የስሪዲማርክ የራሱ የሪከርድ ሰንጠረዥ ግን አይቀበልም።

ሶስተኛ፦ ማሽኑ ይቻላል ወይ

ሁሉም ማሽን ኦቨርክሎክ አይደረግም። ኢንቴል ከ2011 ወዲህ ባሉት ፕሮሰሰሮች ስማቸው ላይ ኬ ያለባቸውን ነው በማባዣ ምትጨምሩት፣ ማዘርቦርዱም በአብዛኛው ዜድ ሚባለው አይነት መሆን አለበት። ኤኤምዲ ራይዘን ላይ ሰፋ ይላል፣ ፕሮሰሰሮቹ ከጥቂቶች በቀር ክፍት ናቸው፣ ቢ ወይም ኤክስ ቦርድ ከሆነ ይሆናል፣ ኤ320 ግን አይሆንም። ላፕቶፕ ያላችሁ እርሱት፣ ሙቀቱ ራሱ አያላውሳችሁም።

ኮር ቱ ዱዎ ላይ ግን ሁሉም ፕሮሰሰር ይጨምራል፣ ምክንያቱም ሚጨመረው ማባዣው ሳይሆን ኤፍኤስቢው ነው፣ ማለትም ማባዣው ሚያባዛው የቦርዱ መሠረታዊ ፍጥነት (ክሎክ)። ኢ8400ን እንውሰድ፣ 333 ሜጋኸርዝ ሲባዛ በ9፣ 3 ጊጋኸርዝ። ያን 333 ወደ 400 ብታረጉት 3.6 ሆነ ማለት ነው። 445 ላይ 4 ጊጋኸርዝ አለፋችሁ። ችግሩ ቦርዱ ነው። ፒ35 ወይም ፒ45 ቺፕሴት (የቦርዱ ዋና ተቆጣጣሪ ቺፕ) ካለው እድለኛ ናችሁ፣ ጂ31 ከሆነ ትንሽ ሄዶ ይደክማል። የቢሮ ማሽን ከሆነ ደግሞ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ ሚገባበት የቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ምንም ማስተካከያ ላታገኙ ትችላላችሁ፣ ተዘግቷል። ያኔ ሴት ኤፍኤስቢ ሚባል ትንሽዬ ሶፍትዌር አለ፣ ቦርዱ ላይ ያለችውን የክሎክ ቺፕ ስሟን አይታችሁ ከዝርዝሩ ከመረጣችሁ ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ትጨምራላችሁ። ቺፗን አጉሊ መነጽር ይዛችሁ አጎንብሳችሁ ማንበብ ነው፣ ጽሁፏ የጉንዳን ያህል ነች።

አራተኛ፦ ዝግጅት

ውስጡ ያለ ፋይል ሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ንቀሉትና አሮጌ ትንሽ ዲስክ ግጠሙ። ይሄን ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ራም ሲሳሳት ዊንዶውሱ ራሱ ይበላሻል፣ ፋይል ይዞ ይሄዳል።

አቧራውን አጽዱ። ሂትሲንኩን (ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን የብረት ማቀዝቀዣ) አውርዳችሁ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት በአልኮል ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ፣ የስንዴ ፍሬ ታክል ይበቃዋል፣ እንደ ቅቤ አትለቅልቁት። የፋብሪካው ትንሹ ፋን እስከ 3.6 ይወስዳችኋል፣ ከዛ በላይ ከፈለጋችሁ ትልቅ ሂትሲንክ ያስፈልጋል። ክዳኑን ክፈቱና ተራ የቤት ቬንትሌተር በጎን አቁሙለት፣ ማንም አይስቅባችሁም፣ ሁሉም እንደዛ ነው ሚሰራው። ቦርዱ ላይ ያለውን ቺፕሴትና የፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉትን የቮልቴጅ ክፍሎችም ንፋስ ያግኛቸው፣ ሰው ፕሮሰሰሩን ብቻ እያየ እነሱን ነው ሚያቃጥላቸው።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚ ፋኑ በዛው ፍጥነት እየዞረ ሚገፋው የአየር ክብደት ያንሳል። ጥሩ ዜናው ብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መስኮት ከፍታችሁ ማሽኑን አጠገቡ አስቀምጡት፣ ጋቢ ደርባችሁ፣ ያኔ ቀን ላይ እምቢ ያለው ፍጥነት ዝም ብሎ ያልፋል። እኔ ጥሩ ውጤቶቼ በሙሉ ከለሊቱ ዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ባለው የወጡ ናቸው። ባህር ዳርና ድሬዳዋ ያላችሁ በዚህ አትቅኑብን፣ አየሩ እናንተ ጋ ወፍራም ነው።

የመብራት ነገር፣ ዩፒኤስ ካላችሁ ተጠቀሙ። ከሌላችሁ ቢያንስ ባዮስ አፕዴት አታርጉ፣ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ቦርዱ ሞተ ማለት ነው፣ ለአሮጌ ቦርድ ደግሞ ማን ይጠግንላችኋል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ዊንዶውስ ኤክስፒ ለሱፐር ፓይ እስካሁን ንጉስ ነው፣ ለሌሎቹ የኮር ቱ ዱዎ ዘመን ቤንችማርኮች ዊንዶውስ 7 ይሆናል። ከ8 ጀምሮ ያሉትን ለነዚህ አሮጌ ማሽኖች አትንኩ፣ ምክንያቱን ታች እነግራችኋለሁ፣ ጉድ ነው።

አምስተኛ፦ ፍጥነቱን መጨመር

እዚጋ ነው ትእግስት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሚባለው ለኦቨርክሎከር የተነገረ ነው ሚመስለኝ።

ባዮስ ግቡ። ስፒድስቴፕ፣ ሲ1ኢ እና ስፕሬድ ስፔክትረም ሚባሉትን ዝጉ፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ ከፍ ዝቅ እንዳይል። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ፍሪኩዌንሲን 100 ላይ ቆልፉት፣ አውቶ ከተዋችሁት ኤፍኤስቢውን ተከትሎ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ዲስካችሁና ግራፊክስ ካርዳችሁ ያብዳሉ። ራሙን ከኤፍኤስቢው ጋር አንድ ለአንድ አርጉት፣ ማለቴ ኤፍኤስቢው 333 እያለ ዲዲአር2 667 ሚለውን ምረጡ፣ ኤፍኤስቢው 400 ሲደርስ ራሙ በራሱ 800 ይሆናል። ዲዲአር2 800 ራም ካላችሁ እስከዛ ድረስ ራሙ ምንም አልተጨነቀም ማለት ነው።

የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ከአውቶ አውጡት። አውቶ ላይ ቦርዱ ደግ ነኝ ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣል። ኢንቴል ለኢ8400 ያወጣው የቮልቴጅ ክልል ጣሪያው 1.3625 ነው፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ 1.25 አካባቢ ላይ እንድትጀምሩ ነው ምመክረው። ለውድድር ብለው ለጥቂት ደቂቃ 1.4 እና ከዛ በላይ ሚሰጡ አሉ፣ ያ ግን ፕሮሰሰሩን ያስረጀዋል፣ የምትወዱት ማሽን ከሆነ ይቅርባችሁ።

ከዛ በ10 ሜጋኸርዝ በ10 ሜጋኸርዝ ውጡ። 343፣ 353፣ እንደዛ። በየደረጃው ዊንዶውስ ገብታችሁ ሱፐር ፓይ 1ኤም አስሮጡ፣ ኮር ቴምፕ ሚባለውን ሙቀት ሚያሳይ ፕሮግራም ከፍታችሁ ሙቀቱን እዩ። ቁጥሩን በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ስልክ ላይ ሳይሆን ወረቀት፣ ኤፍኤስቢ፣ ቮልቴጅ፣ ሙቀት፣ ሴኮንድ። በሶስተኛው ሌሊት ያ ወረቀት ነው ሚያድናችሁ።

አንድ ቦታ ላይ እምቢ ይላል። እንዴት እንዳለ እዩት፣ ምክንያቱም ሶስት ተጠርጣሪ አለ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ እና ቦርዱ፣ ሶስቱንም በአንዴ ብትነካኩ ማን እንደሆነ አታውቁም። ሱፐር ፓይ መሀል ላይ ኖት ኤግዛክት ኢን ራውንድ ወይም ኖት ኮንቨርጀንት ብሎ ከቆመ ስሌት ተሳስቷል ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈልጋል ወይ ራሙ ነው። ቮልቴጁን በ0.0125 ጨምሩና ድገሙት። ካለፈ አገኛችሁት። ሁለት ሶስት ጊዜ ጨምራችሁ ለውጥ ከሌለ ፕሮሰሰሩ አይደለም፣ ወሬውን አቁሙና ወደ ቦርዱ ሂዱ።

ቦርዱን መለየት እንዲህ ነው። ማባዣውን ከ9 ወደ 6 አውርዱት። አሁን ኤፍኤስቢው 450 ቢሆን እንኳን ፕሮሰሰሩ 2.7 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፣ ተኝቷል ማለት ይቻላል። ራሙንም ዝቅተኛው ላይ አርጉት። አሁን ኤፍኤስቢውን ጨምሩ፣ ሚሰናከልበት ቦታ የቦርዱ ጣሪያ ነው፣ በቃ ታወቀ። ኖርዝብሪጁ (ከቺፕሴቱ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ሚያገናኘው ቺፕ) ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ሰጥታችሁ እዩ፣ ከጨመረ ጨመረ። በዚህ ዘዴ እኔ ሁለት ሳምንት ፕሮሰሰሩን ስረግመው ከርሜ ጥፋቱ የቦርዱ ሆኖ አገኘሁት፣ ፋን ቺፕሴቱ ላይ ባሰርኩለት ማግስት 20 ሜጋኸርዝ ጨመረ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ ፕሮሰሰሩን።

ማሽኑ ጭራሽ አልነሳ ካለ አትደንግጡ። ኬብሉን ነቅላችሁ ቦርዱ ላይ ያለችውን የባዮስ ማጥፊያ ጃምፐር አገናኙ፣ ወይም ክብ ባትሪዋን ለአምስት ደቂቃ አውጡ፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ለዚህ ነው ወረቀቱ።

ሰው ሚጠይቀው፣ ስንት ሰዓት ፕራይም (ፕሮሰሰሩን እያስጨነቀ ሚፈትን ፕሮግራም) አስሩጬ ነው የተረጋጋ ምለው? ለውድድር ምንም። ቤንችማርኩን አንዴ ጨርሶ ስክሪንሾት እስኪነሳ ከቆመ በቂ ነው። ለእለት ስራ ለምትጠቀሙበት ማሽን ግን ከዛ ቢያንስ 200 ሜጋኸርዝ ዝቅ አርጉት። ለግንዛቤ ያህል ኢ8400 እንደመጣ 1ኤምን በ15 ሴኮንድ አካባቢ ነው ሚጨርሰው፣ 4 ጊጋኸርዝ ላይ ወደ 12 ሴኮንድና ከዛ በታች ይወርዳል። ያንን ሶስት ሴኮንድ ለማግኘት ነው ሌሊት ምናድረው፣ ለሚስት ማስረዳት ይከብዳል።

ስድስተኛ፦ የሰዓቱ ጉድ

ቤንችማርክ ሁሉ ሰዓት ነው ሚለካው። ሰዓቱ ከተዛባ ውጤቱ ውሸት ነው። በነሐሴ 2013 ኤችደብሊውቦት የዊንዶውስ 8 ውጤቶችን ከለከለ፣ ምክንያቱም ዊንዶውሱ ሲነሳ አንዴ ሰዓቱን ከቤዝ ክሎኩ (ከመሠረታዊው ፍጥነት) ጋር አስተካክሎ ከዛ በኋላ ክሎኩ ቢቀየርም አያስተካክልም። ሂሳቡን እዩት፣ ማሽኑን ከፍ ባለ ክሎክ አስነስታችሁ ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ክሎኩን 6 በመቶ ብትቀንሱ የዊንዶውሱ ሰዓት ይዘገያል፣ እውነተኛው አምስት ደቂቃ ሲያልፍ እሱ 18 ሴኮንድ ይጎድለዋል። ማሽኑ የዘገየ ሆኖ ሳለ የፈጠነ መስሎ ይታያል። ሰው አውቆም ሳያውቅም በዚህ ውጤት ያገኝ ነበር።

ስለዚ ከላይ ያልኳችሁ ሴት ኤፍኤስቢ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ክሎክ ሚቀይር ስለሆነ በኤክስፒ ወይም በ7 ላይ ነው መስራት ያለባችሁ። ለአዳዲሶቹ ቤንችሜት ሚባል ሶፍትዌር አለ፣ ቤንችማርኩን ከውስጡ ነው ምታስነሱት፣ ሰዓቶቹን እርስ በርስ እያስተያየ ይጠብቃል፣ መጨረሻ ላይ ስክሪንሾቱንም እሱ ያነሳል። በብዙዎቹ ቤንችማርኮች አሁን ያለሱ ውጤት ማስገባት ዋጋ የለውም። መጫኑ አምስት ደቂቃ ነው፣ አትስነፉ።

ሰባተኛ፦ ማስረጃው

እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ጥሩ ውጤቴን አስገብቼ ለሰው ሁሉ ነገርኩ፣ በነጋታው ወጥቷል። ምክንያቱ ስክሪንሾቱ ላይ የራሙ ታብ የለም። ድጋሚ ላስሮጠው ብል ያን ሴኮንድ ለአንድ ወር አላገኘሁትም። ስለዚ ፍጥነት ከመጨመራችሁ በፊት መጀመሪያ ባልተነካ ማሽን ላይ ስክሪንሾት አነሳሱን ተለማመዱ።

ለሱፐር ፓይ ስክሪኑ ላይ መታየት ያለበት፦ ዙሮቹ በሙሉ ከነማረጋገጫ ኮዱ ሚታዩበት የሱፐር ፓይ መስኮት፣ ሲፒዩ ዚ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ አንዱ የፕሮሰሰሩ ታብ ላይ ሌላው የሜሞሪው ታብ ላይ፣ የማዘርቦርዱን ታብም ብትጨምሩ ጥሩ ነው። የግራፊክስ ቤንችማርክ ከሆነ የግራፊክስ ካርዱን መረጃ ሚያሳየው ጂፒዩ ዚም ይጨመራል። አንዱ በሌላው ላይ እንዳይደረብ። ስክሪኑን ሙሉውን አንሱ፣ እንዳትቆርጡት፣ በስልክ ፎቶ እንዳታነሱት። ቤንችማርኩ ካለቀ በኋላ ክሎኩን አትንኩ፣ ሲፒዩ ዚ ያኔ ያለውን ነው ሚያሳየው። የማሽናችሁንም ፎቶ አንሱ፣ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ከወጣችሁ ትጠየቃላችሁ፣ ቬንትሌተሩ ጭምር ይታይ።

ስታስገቡ ሞዴሉን በትክክል ምረጡ፣ ኢ8400ን ኢ8500 ብላችሁ ብታስገቡ ሌላ ሰልፍ ውስጥ ገብታችሁ ትወጣላችሁ። ማቀዝቀዣውን እውነቱን ጻፉ። የበረዶ ባልዲ ውስጥ ውሃ አዙራችሁ ተራ ውሃ ነው ብትሉ በአየርና በውሃ ብቻ በሚደረጉት ውድድሮች ያስወጣችኋል። የጓደኛን ውጤት በራስ ስም ማስገባት፣ አንድ ማሽን ላይ ተሰብስቦ ለአምስት አካውንት ማካፈልም ክልክል ነው። እዛ ያሉት ሰዎች ቁጥር አይተው ይሸታቸዋል፣ በዛ ክሎክ በዛ ራም ይህ ሴኮንድ አይወጣም ብለው ሪፖርት ያረጋሉ፣ ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው።

ስምንተኛ፦ ስለ ናይትሮጅን በአጭሩ

ሁሉም ሰው ይሄን ነው መጠየቅ ሚወደው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው ሚፈላው፣ እንደኛ ከፍታ ላይ እንዲያውም ትንሽ ከዛም ይወርዳል። ፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ጽዋ ይታሰራል፣ ፈሳሹ በጽዋው እየተጨመረ ሙቀቱን በቴርሞሜትር እያዩ ያስተካክላሉ። ሁሉም ፕሮሰሰር አይወደውም፣ ኮልድ ባግ (የቅዝቃዜ ችግር) ሚባል ነገር አለ፣ ከተወሰነ ቅዝቃዜ በታች ሲወርድ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ትንሽ ሲሞቅ ይነሳል። ዋናው ስራ ግን ውርጩን መከላከል ነው፣ ከአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ቦርዱ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ስለዚ ቦርዱን በቫዝሊን ይለስኑታል፣ ዙሪያውን በላስቲክና በሶፍት ይጠቀልሉታል። አዎ በቫዝሊን፣ የምትቀቡትን።

አደጋው ብርዱ ብቻ አይደለም። አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ሽታ የለውም፣ ሳይታወቃችሁ ነው ምትወድቁት። መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ መጫን ራሱ ገዳይ ነው። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ እቃ ውስጥ ከተደረገ ይፈነዳል። ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ከሌለ አትጀምሩት፣ ለኮር ቱ ዱዎ ደግሞ ሂትሲንክና የታኅሣሥ ብርድ ይበቃል።

ከዛ በኋላ

ውጤታችሁ ከገባ በኋላ ከናንተ በላይ ያሉትን አስር ሰዎች ክፈቱና እዩ፣ ክሎካቸውን ከሴኮንዳቸው ጋር አስተያዩ። በእኩል ክሎክ እናንተን ሚቀድም ካለ ልዩነቱ ፍጥነት አይደለም፣ አሰራር ነው። ራሙን ከአንድ ለአንድ ራሙ ከኤፍኤስቢው ወደሚፈጥንበት ራሽዮ ቀይሮ ይሆናል፣ ታይሚንጉን (ራሙ መልስ ለመስጠት ሚፈጅበትን ጊዜ) ከ5 5 5 ወደ 4 4 4 አጥብቆ ይሆናል፣ ኤክስፒው ላይ ማይጠቅመውን ሰርቪስ በሙሉ ገድሎ ይሆናል። 1ኤም ላይ ይሄ ሁሉ ሚያመጣው የሴኮንድ ሽርፍራፊ ነው፣ 32ኤም ላይ ግን ሴኮንዶች ናቸው። ጃፓኖቹ ዋዛ ሚሉት ዘዴም አለ፣ ቤንችማርኩን ከማስነሳታቸው በፊት ትላልቅ ፋይሎችን ከአንድ ፓርቲሽን ወደ ሌላው ይገለብጣሉ፣ የኤክስፒው የሜሞሪ አያያዝ ይቀየርና 32ኤሙ ይፈጥናል። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ጥንቆላ መስሎኝ ነበር፣ ሞክሬው ሰራ። ፋይሉ ስንት ሜጋባይት ቢሆን ይሻላል ሚለው ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ በተለያየ መጠን እየሞከራችሁ እሱንም ወረቀቱ ላይ ጻፉት።